ግስላና ዝምታ፦ ሁለት ቡችሎች ያሉበት ቤት

(በማኅበራችን የመጋቢት ወር ስብሰባ ላይ፣ ከአንድ ቤት የመጣን ሦስት አባላት ያቀረብነው ንግግር)



ባለፈው ወር ስለ ሽንኩርት ችግኝና ስለ ቁጠባ ደብተር አያያዝ ብዙ ቁም ነገር ሰምተን ሄድን። በዚህ ወር ተራው የእኛ ሆነና ሰብሳቢያችን «ስለ ምን ትናገራላችሁ?» ብትለን «ስለ ውሾቻችን» አልናት። ሳቀች። እናንተም ይኸው እየሳቃችሁ ነው። ሳቁ፤ እኛም በእነዚህ በሁለቱ ያልሳቅንበት ቀን የለም። ነገር ግን ወሬው ሳቅ ብቻ አይደለም። ውስጡ የልጅ ነፍስ አለበት። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ታገሡን።

እንደምታውቁት ቤታችን ውስጥ ሦስት ሴቶች ነን፤ እማማ፣ ልጃቸውና ምራታቸው። ወንዱ ልጃችን ለሥራ መተማ ሲወርድ ግቢው ለእኛ ይቀራል። ሩዙ ታጭዶ አውድማ ላይ ሲከመር፣ በሬዎቹ በረት ሲያድሩ፣ ሌሊት አንድ ነገር ኮሽ ባለ ቁጥር ሦስታችንም እንነቃ ነበር። ስለዚህ ውሻ ያስፈልገናል ተባለ።

በነሐሴ፣ ጉማራ ሞልቶ ሜዳውን ሁሉ ውኃ በያዘው ጊዜ፣ ከጎረቤት ገለባ ክምር ሥር አንዲት ውሻ ወልዳ ነበር። እኛ የሄድነው አንድ ወንድ ቡችላ ለማምጣት ነው። ወንዶቹ ቡችሎች ሁሉ ባለቤት ተገኝቶላቸዋል። ሴቷን ግን የፈለጋት የለም። «እሷማ ትጣላለች» አሉን። ሴት ቡችላ መጣል በአገራችን የተለመደ ነው፤ ትወልዳለች፣ ሰፈሩን በውሻ ትሞላለች ይባላል። እማማ ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን ዘረጉና «በሴትነቷ የምትጣልማ ከሆነ ከሴቶች ቤት ትግባ» አሉ። አንድ ልናመጣ ሄደን ሁለት ይዘን ተመለስን።

ወንዱን ግስላ አልነው፤ ስሙን በድፍረቱ አገኘው። የሴቷ ስም ግን ታሪክ አለው። በእኛ አገር የውሻ ስም ለውሻው ብቻ አይወጣም፤ ለሚሰማው ሰውም መልእክት ይሆናል። እማማ በዚያ ሰሞን ከአንዲት ጎረቤታችን ጋር በማሳ ወሰን ተቀያይመው ነበርና ቡችላዋን «ዝምታ» አሏት። ትርጉሙ «መልሴ ዝምታ ነው» ማለት ነው። ጎረቤታችንም ገብቷታል። ችግሩ ምን ሆነ? ዝምታ ከተባለች ጀምሮ ዝም ብላ አታውቅም። ማታ ማታ እማማ በር ላይ ቆመው «ዝምታ! ዝምታ!» ሲሉ፣ እሷ ስትጮኽ፣ መንደሩ ሁሉ ይስቃል።

እንግዲህ ጥፋታቸውን እንንገራችሁ። ግስላ ጫማ ይበላል፤ ግን የቀኝ እግር ብቻ። ሦስት የግራ ኮንጎ ጫማ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ዝምታ ደግሞ ጨርቅ ትወዳለች። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ታጥቦ አጥር ላይ የተሰጣውን ነጠላ ጎትታ ወርዳ፣ ጥለቱን እንደያዘች ጭቃ ለጭቃ ስትሮጥ ደረስንባት። ጥቅምት ላይ ለእንቁላል የታቀፈችውን ዶሮ ሁለቱ ሆነው ከጎጆዋ አስነሧት። ሩዝ በሰሌን ሲሰጣ፣ ፀሐይ እንደሞቀው አልጋ አድርገው ይንከባለሉበታል። ወፍ ለማባረር ወንጭፍ የያዘው ልጅ ድንጋዩን ሲወረውር፣ እነሱ ድንጋዩን ለማምጣት በሩዙ መካከል ይሮጣሉ። ወፉ ካጠፋው እነሱ የረገጡት ይበልጣል።

«ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። እኛ ግን በዓይናችን አየነው። በታኅሣሥ ሁለቱ በበረቱ ጀርባ፣ ከአጥሩ ሥር ሲቆፍሩ ሰንብተው ነበር። ጠዋት እየደፈንን ማታ እየቆፈሩ ቆየን። አንድ ሌሊት በዚያው ቀዳዳ ጅብ አንገቱን አስገባ። ነገር ግን ሌላኛው ተረት፣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው፣ በእኛ ቤት አልሠራም። ጅቡ ትከሻው ሳያልፍ ሁለቱም ጮኹ፤ እኛም ችቦ ይዘን ወጣን፤ ጅቡ ተመለሰ። ጥጃዋ ተረፈች። እማማ «ቀዳዳውን የቀደዱትም እነሱ፣ የጠበቁትም እነሱ፤ ምን ብለን እንፍረድ?» አሉ። በማግስቱ ቀዳዳው ላይ ትልልቅ ድንጋይ አስቀብረን እሾህ ጨመርንበት።

አሁን ከእነሱ ጋር ስንኖር ያየነውን እንንገራችሁ። ይጠቅማችኋል።

ቡችላ ጫማ የሚበላው ባለጌ ስለሆነ አይደለም። እንደ ሕፃን ልጅ ጥርሱ ስለሚለወጥ ነው። ቡችላ 28 የወተት ጥርስ አለው። ከአራት ወር ገደማ ጀምሮ እነዚህ እየወለቁ እስከ ሰባት ወር ባለው ጊዜ 42 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። ድዱ ያሳክከዋል፤ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። ስለዚህ ጫማችንን ከፍ አድርገን ሰቀልን፤ ለእነሱ የበሬ ቀንድና የተቋጠረ ወፍራም ገመድ ሰጠናቸው። ያረጀ ጫማ ግን አንሰጥም። አሮጌውን ከአዲሱ ለይቶ የሚያውቅ ቡችላ የለምና።

ሁለተኛው፣ በጥፋቱ ሰዓት ያልተከለከለ ውሻ በኋላ ቢመታ ምንም አይገባውም። ጠዋት ለበላው ጫማ ማታ ቢገረፍ የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውን መፍራት። የፈራ ውሻ ደግሞ ከደፋር ውሻ ይልቅ ይነክሳል። እኛ ቁራሽ እንጀራ በእጃችን ይዘን በስም እንጠራለን። ሲመጣ እንሰጣለን። ጫማ ሲይዝ ቀንዱን እናሳየዋለን፤ ጫማውን ሲለቅ ቀንዱን ያገኛል። በአንድ ወር ውስጥ ግስላ «ተው» የሚለውን ቃል ለየ።

ሦስተኛው፣ ሁለት ቡችላ አብሮ ማሳደግ የአንድ እጥፍ ሥራ አይደለም፤ ከዚያ ይበልጣል። ብቻቸውን ሲሆኑ የማያደርጉትን አብረው ሲሆኑ ያደርጋሉ፤ አንዱ ሌላውን ያደፋፍረዋል። ሰውን ትተው እርስ በርሳቸው ብቻ ይሰማማሉ። ስለዚህ በቀን ለተወሰነ ሰዓት እንለያቸዋለን። አንዷ ከእማማ ጋር ቤት ስትቀር ሌላው ከምራታችን ጋር ወደ ማሳ ይሄዳል። ምግባቸውንም በየራሳቸው ሳሕን፣ ራቅ አድርገን እንሰጣለን። ከተለያዩ በኋላ ነው ትእዛዝ መስማት የጀመሩት።

ምግባቸው ብዙ ወጪ የለውም። የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የተቀቀለ የሩዝ ስባሪ፣ አጓት ሲኖር አጓት ይበላሉ። አንድ ነገር ግን ቤታችን አይገባም። በግ ሲታረድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውኃ የያዘ ከረጢት ከታየ ለውሻ አይሰጥም። እሱ የትል እጭ ነው። ውሻው ሲበላው ትሉ በአንጀቱ ያድጋል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፤ ውሻውን በዳበሰ እጅ ወደ ልጆቻችን አፍ ይገባል። ያን ጊዜ ከረጢቱ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያብጣል፤ ብዙ ጊዜም ያለ ቀዶ ሕክምና አይወጣም። ስለዚህ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረን እንቀብረዋለን ወይም እናቃጥለዋለን። ውሻ የነካ እጅ ሳይታጠብ መሶብ አይቀርብም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

ቡችሎቹ ሦስት ወር ሲሞላቸው፣ በኅዳር መጨረሻ፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋ ወስደን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከተብናቸው። ባለሙያው በቀን የተጻፈ ወረቀት ሰጠን። ምራታችን ወረቀቱን በቁጠባ ደብተሯ ውስጥ አስቀመጠችው። ያን ጊዜ ጎረቤቶቻችን «ለሰው መድኃኒት በጠፋበት አገር ለውሻ መርፌ!» ብለው ቀልደውብን ነበር።

ጥር ሊያልቅ ሲል፣ የዚያች የተቀያየምናት ጎረቤታችን የሰባት ዓመት ልጅ የጨርቅ ኳሱን ተከትሎ ግቢያችን ገባ። ዝምታ አጥንት ይዛ ተኝታ ነበር። ኳሱ ከአጥንቱ አጠገብ ደርሶ ቆመ። ልጁ እጁን ሲሰድድ አጥንቷን ሊወስድባት የመጣ መሰላትና ክንዱን ነከሰችው። ቆዳው ተቀደደ፤ ደማ።

የመጀመሪያው ሥራ ውኃና ሳሙና ነበር። ልጃችን ጀሪካኑን አንሥታ ቁስሉ ላይ ማፍሰስ ጀመረች፤ ምራታችን በሳሙና አጠበች። ሩብ ሰዓት ሙሉ፣ 15 ደቂቃ፣ ሳናቋርጥ አጠብን። ልጁ አለቀሰ፤ እኛም አብረነው አለቀስን፤ ማጠቡን ግን አልተውንም። ሰው ተሰበሰበ። አንዷ «ፌጦ አድርጉበት» አለች፤ አንዷ «ቡና ነስንሱበት» አለች፤ አንዱ «ጠበል ይወሰድ፣ ሐኪም ቤት ምን ያደርጋል» አለ። እማማ መለሱለት፦ «ጠበሉን እኔም አምናለሁ፤ የሚካኤልን ደጅ ከእኔ በላይ የሳመ ካለ ይምጣ። ልጁ ግን መርፌውን ወግቶ ጠበሉን ይጠመቅ። አንዱ አንዱን አይከለክልም።»

ያን ጊዜ የልጁ አባት ዱላ ይዞ መጣ። «ልጄን የነከሰች ውሻ ዛሬን አታድርም» አለ። አንፈርድበትም፤ አባት ነው። ልጃችን ግን በሩ ላይ ቆማ እንዲህ አለችው፦ «አያ፣ አሁን ከገደልካት ለልጅህ የሚመሰክርለት ይጠፋል።»

ምን ማለቷ እንደሆነ እናስረዳችሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ከውሻው ምራቅ ነው የሚተላለፈው። ወደ ምራቁ የሚደርሰው ውሻው ሊታመም ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ስለዚህ በነከሰበት ቀን በምራቁ ቫይረስ የነበረበት ውሻ በ10 ቀን ውስጥ ይታመማል፤ ይሞታልም። 10 ቀን ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በዚያ ንክሻ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ውሻው በተነከሰው ሰው ፊት የቆመ ምስክር ነው። ወዲያው የተገደለና የተጣለ፣ ወይም ሮጦ የጠፋ ውሻ ግን ምንም አይነግረንም።

ሽማግሌ ገባ። ውሳኔው እንዲህ ሆነ፦ ልጁ ዛሬውኑ ክትባቱን ይጀምር፤ ዝምታ ለ10 ቀን በጠንካራ ገመድ ትታሰር፤ ሁለቱም ቤቶች ይጠብቋት።

መጀመሪያ የሄድንበት ጤና ተቋም ክትባቱ አልነበረውም። ወደ ሌላ ከተማ መሄድ ግድ ሆነ። የመኪናውንና የሕክምናውን ገንዘብ ያገኘነው ከዚህ ከማኅበራችን የችግር ጊዜ ሣጥን በብድር ነው፤ ይህን በእናንተ ፊት ልናመሰግን እንወዳለን። ሐኪሙ የቡችላዋን የክትባት ወረቀት አየ፤ ቁስሉን አየ፤ «ወረቀቱ መልካም ነው፤ ልጁ ግን ይጀምራል፤ ውሻዋንም ጠብቁ» አለን።

ከዚያ በኋላ ያሉት 10 ቀናት ረጅም ነበሩ። የልጁ እናት በየማለዳው ወደ አጥራችን እየመጣች ዝምታን ታያለች። በመጀመሪያው ቀን አልተናገረችንም። በሁለተኛው ቀን «ውኃ ጠጣች?» አለች። ብዙ ሰው ውኃ የጠጣ ውሻ ጤነኛ ነው ብሎ ያምናል። ውኃ የሚያስፈራው ግን የታመመውን ሰው ነው፤ ያበደ ውሻ ወንዝ ሊሻገርም ይችላል። የሚታየው ሌላ ነገር ነው፤ ጠባዩ ይለወጣል፤ የማያውቀውን ሁሉ፣ እንጨቱንም ድንጋዩንም ይነክሳል፤ ወይም ደግሞ ተሸሽጎ ዝም ይላል፤ መንጋጋው ይንጠለጠላል፤ መዋጥ ያቅተዋል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል። ዝም ብሎ የተኛ ያበደ ውሻም አለና «አይቆጣም» ብላችሁ አትጠጉት። አጥንት ተቀርቅሮበታል ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ አትክተቱ።

ይህን ሁሉ ለልጁ እናት በአጥሩ ላይ ነገርናት። በአምስተኛው ቀን አብራን ቡና ጠጣች። ዝምታም በሕይወቷ ያን ያህል ጮኻ አታውቅም፤ ጩኸቷ ለእኛ ደስታችን ነበር። በአሥረኛው ቀን ገመዱን በጥሳ ወጣችና የግስላን ጆሮ ይዛ ተንከባለለች። የልጁ እናት እልል አለች። ሐኪሙም የቀረውን ነገር ወሰነ። ልጁ ይኸው ዛሬ ደጅ ላይ ኳስ ይጫወታል። የማሳው ወሰን ጉዳይ ገና ከሽማግሌ ፊት ነው፤ ሰላምታችን ግን ተመልሷል።

እህቶቻችን፣ ይህ በሽታ አንድ ጊዜ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለውም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው ይገድላል ተብሎ ይገመታል። ከእነዚህ 99 በመቶው በውሻ የተነከሱ ናቸው፤ ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ውስጥ ተሸሽጎ ይቆያል። ለዚህ ነው ቁስሉ ሲሽር «ዳነ» ብለን የምንዘነጋው። ነገር ግን ክትባቱ በጊዜው ከተሰጠ ይከላከላል። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ውሻ የነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ዮሴፍ ሜስተርን፣ በክትባት ያተረፈው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ከዚያ ወዲህ 100 ዓመት አልፎ ሌላ 40 ዓመት ተቆጥሯል። መድኃኒቱ እያለ ልጅ መሞት የለበትም።

አንዳንዶቻችሁ «ውሾቹን ሁሉ መግደል ነው መድኃኒቱ» ስትሉ ሰምተናል። ይህ በብዙ አገር ተሞክሮ አልሠራም። የተገደለው ውሻ ቦታ ባዶ አይቀርም፤ ያልተከተበ ሌላ ውሻ ይመጣበታል። የሚሠራው መከተብ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት ያጣና ይጠፋል። የተከተበ ውሻ ለልጆቻችን አጥር ነው፤ ገድለን አጥራችንን አናፍርስ።

ስለዚህ ሳቃችንን ወደ ሥራ እንለውጠውና አራት ነገር እንለምናችኋለን።

አንደኛ፣ በእያንዳንዷ አባል ቤት ስንት ውሻ እንዳለ ይቆጠር፤ ጸሐፊያችን በመዝገቧ ጀርባ ትጻፈው።

ሁለተኛ፣ በየወሩ ከምናዋጣው ላይ ጥቂት ጨምረን፣ ባለሙያ ጠርተን የመንደሩን ውሾች በአንድ ቀን እናስከትብ። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ነው፤ ለእኛ ከመስቀል ማግስት ማለት ነው። ክረምቱ ወጥቶ፣ ውኃው ከሜዳው ሲሸሽ፣ የሩዙ አጨዳ ሳይደርስ፤ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ክትባቱም በባለሙያው ቀጠሮ መታደስ አለበት፤ አንድ ጊዜ ተወግቶ ለዘላለም አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ከችግር ጊዜ ሣጥናችን ላይ ለንክሻ የሚሆን የመኪና ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ። የተነከሰ ልጅ ገንዘብ እስኪለመን መቆየት የለበትም።

አራተኛ፣ ልጆቻችንን እናስተምር። የሚበላ ውሻ አይነካም፤ የምታጠባ ውሻ ቡችላዋ አይወሰድባትም፤ የተኛ ውሻ አይቀሰቀስም፤ ውሻ ሲያባርር አይሮጥም፤ የተነከሰ ልጅ ቁጣ ፈርቶ አይደብቅም። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። ልጅ የሚደብቀው እንዳይገረፍ ነው፤ እንዳይደብቀን ከፈለግን አንግረፈው።

እማማ አንድ ነገር ጨምሩልኝ ብለዋል። በመጽሐፈ ጦቢት ጦብያ መንገድ ሲወጣ ውሻው አብሮት እንደሄደ ተጽፏል፤ ስለዚህ ውሻ የቤት ባልንጀራ መሆኑ የከተማ ሰው ያመጣው ነገር አይደለም ይላሉ። ከእግራችን ሥር የሚሄድ ፍጡር ጤናው ጤናችን ነው።

ግስላና ዝምታን ማየት የምትፈልጉ ቤታችን ክፍት ነው፤ ቡና እናፈላለን። ጫማችሁን ብቻ በእጃችሁ ያዙ፤ በተለይ የቀኙን።